ፍሬው ከገለባው ጋር እንዳይሄድ

አንድ ጥናት ሲጀመርና ሲፈጸም ሁላችንም እናያለን። ሲጀመር ጠያቂዎቹ የመጠይቅ ወረቀታቸውን፣ ወይም እንዳሁኑ ጊዜ ታብሌታቸውን በቦርሳ ይዘው፣ ከመኪና ወርደው በእግር መንገድ ወደ ቀበሌው ሲያዘግሙ ይታያሉ። ሲፈጸምም በአንድ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ መጋረጃ ተጋርዶ፣ ሠንጠረዥ በግድግዳ ላይ እየበራ፣ «ከመቶው ይህን ያህሉ እንዲህ ነው፤ ይህን ያህሉ ደግሞ እንዲያ ነው» እየተባለ ሲነበብ እንሰማለን፤ ሻይም ይጠጣል። በነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ሥራ ግን ማንም አያየውም፤ ያየውም ሰው ቢሆን ሥራ ብሎ አይቈጥረውም። እኛ ዛሬ ለመናገር የፈለግነው ስለዚሁ ስለማይታየው ሥራ ነው።

ሥራው ምንድር ነው ቢባል፣ ከየቤቱ ተጠይቆ የመጣው መልስ ለስሌት ከመቅረቡ በፊት የሚዘጋጅበት ነው። መልሱ ወደ ኮምፒዩተር ይገባል፤ የጐደለው ይፈለጋል፤ እርስ በርሱ የሚጣላው ይመረመራል፤ በቃል የተነገረው በቍጥር ይተካል፤ በቁናና በጥማድ የተሰፈረው ወደ ኪሎና ወደ ሄክታር ይመለሳል። ባለሙያዎቹ ይህን ሁሉ ባንድ ስም «መረጃ ማጥራት» ይሉታል። ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ማንኛዋም የቤት እመቤት ስንዴውን ከጆንያ እንዳወጣች ወደ ወፍጮ አትልከውም፤ በሰፌድ ታበጥረዋለች፤ ጠጠሩንና እንክርዳዱን ትለቅማለች። ዳሩ ግን በሰፌዱና በመጠይቁ መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ጠጠር ጠጠር መሆኑን ዓይን ያየዋል፤ ጣትም ያውቀዋል። የሰው መልስ ግን ጠጠር ይሁን ፍሬ ሲያዩት አያስታውቅም። ጠጠር ነው ብለን የጣልነው ነገር ፍሬ ሆኖ ሲገኝ በገዛ ዓይናችን ስላየን ነው ይህን መጻፋችን።

ነገሩ ከሆነ ብዙ ዓመት አልፎታል። ለአንድ የገጠር ቤተ ሰብ ጥናት የተሰበሰበውን መጠይቅ ከሚያርሙት ሰዎች መካከል ነበርን። ክፍሉ ጠባብ፣ ወረቀቱ እስከ ጣራው የተከመረ፣ የተሰጠንም ጊዜ አጭር ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኮምፒዩተሩ ባንዲት ሴት መልስ ላይ ምልክት አደረገ። ሴትዮዋ ዕድሜዬ 34 ነው ብላለች፤ «ልጅ» ተብላ የተመዘገበችው ደግሞ 24 ዓመቷ ነው። በ10 ዓመቷ ልትወልድ አትችልምና ከሁለቱ ቍጥሮች አንዱ ስሕተት መሆን አለበት አልን። ጠያቂው አራት ሊጽፍ አስቦ ሦስት ጽፎ ይሆናል ብለን ገመትንና 34ቱን 44 አደረግነው። ምልክቱም ጠፋ። እውነቱን ለመናገር ያን ዕለት ወደ ቤታችን የሄድነው ደስ ብሎን ነው፤ ብዙ ወረቀት ጨርሰን ነበርና።

ከሁለት ዓመት በኋላ ጥናቱ እንደገና ሲደረግ ጠያቂው ወደዚያችው ቤት ሄደ። ሴትዮዋ «36» አለች። በዚህ ጊዜ ደግሞ ኮምፒዩተሩ፣ ዕድሜዋ በሁለት ዓመት በመጨመር ፈንታ በስምንት ዓመት ቀንሷል ሲል ምልክት አደረገ። ከመካከላችን አንዱ ይህንንም ሊያርም እጁን ሲሰነዝር፣ ሌላው ባልደረባችን ተነሥቶ የመጀመሪያውን ወረቀት ከመጋዘን አስወጣው። በኅዳጉ ላይ፣ ሣጥን በሌለበት ቦታ፣ ጠያቂው በእርሳስ «የሟች እኅቷ ልጅ፤ ያሳደገቻት» ብሎ ጽፎ ነበር። መልሱን ወደ ኮምፒዩተር ያስገባው ጸሐፊ ለኅዳግ ጽሑፍ የተዘጋጀ ቦታ ስላልነበረው ተወው። እኛም ወረቀቱን ሳናወጣ ቍጥሩን ብቻ አይተን ፈረድን።

አንባቢ ይፍረድ። ሴትዮዋ አልዋሸችም፤ ባገራችን ያሳደጉትን ልጅ ልጄ ማለት ወግ ነው። ጠያቂውም ሥራውን ከሚገባው በላይ ሠርቷል። የተሳሳትነው እናርማለን ያልነው እኛ ነን። መልሱ እንደ ነበረ ቢቀር ኖሮ በሠንጠረዡ ላይ በ10 ዓመቷ የወለደች እናት ትቈጠር ነበር፤ እኛ ካረምነው በኋላ ደግሞ የ44 ዓመት ሴት፣ በ20 ዓመቷ የወለደች ሆና ተቈጠረች። ሁለቱም ሐሰት ነው። ያችን ልጅ ጭራሹን አልወለደቻትም። የመጀመሪያው ወረቀት ባይቀመጥ ኖሮ፣ ብዙ ጊዜ እንደሚደረገው ተመዝኖ ለሱቅ መጠቅለያ ተሸጦ ቢሆን ኖሮ፣ ሴትዮዋ የተናገረችው ቃል በምድር ላይ የትም አይገኝም ነበር።

ይህን ስንል እርማት አያስፈልግም ማለታችን አይደለም። ሳይመረመር የሚያልፍ መረጃ ምን እንደሚያመጣ ለማየት የአሜሪካንን ቈጠራ ማንሣት ይበቃል። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1950 ዓ. ም. በዚያ አገር በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ሠንጠረዥ ላይ አንድ እንግዳ ነገር ተገኘ፤ ይኸውም ሚስቶቻቸው የሞቱባቸው የ14 ዓመት ልጆች በርከት ብለው መታየታቸው ነው። ይባስ ብሎም ቍጥራቸው ከ15 ዓመቶቹ ይበልጥ ነበር፤ የ15ቱም ከ16ቱ ይበልጥ ነበር። አንስሊ ኮልና ፍሬድሪክ ስቴፋን የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ነገሩን መርምረው እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1962 ዓ. ም. ምክንያቱን አሳተሙ። በዚያ ዘመን የያንዳንዱ ሰው መልስ በወፍራም ካርድ ላይ በቀዳዳ ይመዘገብ ነበር። ከካርዶቹ ጥቂቶቹ ሲበሱ ቀዳዳው ባንድ ዓምድ ወደ ቀኝ ሸሸ፤ ስለዚህ የአንዱ ጥያቄ መልስ በሌላው ጥያቄ ቦታ ገባና ጐልማሳው ሰው የ14 ዓመት ልጅ ሆኖ ተገኘ። ከ150 ሚሊዮን ሕዝብ መካከል ይህ እንደ ጠብታ ነው። ዳሩ ግን በ14 ዓመቱ ሚስት የሞተችበት ልጅ በተፈጥሮ ስለማይበዛ፣ ያች ጠብታ የገባችበትን ትንሹን ሣጥን ሞላችው። ትንሽ ስሕተት ሁልጊዜ ትንሽ ሆኖ አይቀርም፤ ጥቂት ሰዎች ባሉበት ቦታ ላይ ካረፈ ሁሉን ይሸፍናል።

እንግዲህ መረጃ በሁለት መንገድ ይበላሻል። አንዱ ሳይመረመር ሲያልፍ ነው፤ ሁለተኛው ከሚገባው በላይ ሲስተካከል ነው። ስለ መጀመሪያው ብዙ ይነገራል። ስለ ሁለተኛው ግን አይነገርም፤ እንደሚመስለን ባገራችን የበለጠ የሚጐዳን ይኸው ሁለተኛው ነው፤ የተስተካከለ ነገር ጥሩ መስሎ ስለሚታይ ማንም አይጠረጥረውምና።

ለምሳሌ ዕድሜን እንውሰድ። ገጠር ሄዶ ዕድሜ የጠየቀ ሁሉ እንደሚያውቀው መልሱ በ30፣ በ35፣ በ40፣ በ50 ላይ ይከማቻል፤ 41 ወይም 53 የሚል ሰው እንደ ልብ አይገኝም። ይህም የኛ ብቻ ጠባይ አይደለም፤ የልደት መዝገብ ባልተስፋፋበት አገር ሁሉ ያለ ነው። እንዲያውም አሜሪካዊው ጆርጅ ዊፕል መለኪያ አውጥቶለታል። ዕድሜያቸው ከ23 እስከ 62 ካሉት ሰዎች ውስጥ በ0ና በ5 የሚያልቀውን ቈጥሮ፣ መሆን ከሚገባው ከአንድ አምስተኛው ጋር ያመዛዝናል። መለኪያው 100 ካሳየ ክምችት የለም ማለት ነው፤ 500 ካሳየ ሁሉም ሰው በ0ና በ5 ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። ጥሩ ጠያቂ «ልጅዎ የተወለደው በ77ቱ ድርቅ በፊት ነው በኋላ? ደርግ ሲገባ አግብተው ነበር ወይ?» እያለ ከሰዎቹ ትዝታ ጋር አያይዞ ዓመቱን ያወጣዋል፤ ይህ የሚመሰገን ነው። በቢሮ ተቀምጦ 40 ያሉትን ሰዎች ለ39ና ለ41 አካፍሎ ሠንጠረዡን ማሳመር ግን ሌላ ነው። ክምችቱን ለማስተካከል የሚያገለግል የስሌት ዘዴ መኖሩ እርግጥ ነው፤ ተጠቀሙበት። ነገር ግን ሰዎቹ የተናገሩት ዕድሜ በራሱ ዓምድ ይቀመጥ፤ የተስተካከለውም በሌላ ዓምድ ይጻፍ። ክምችቱ ራሱ አንድ ነገር ይነግረናልና፤ የልደት ምዝገባ ከየት እስከ የት እንደ ደረሰ ማየት ለሚፈልግ ሰው ከዚያ የበለጠ ምስክር የለም።

የዘመን አቈጣጠራችን ደግሞ ራሱን የቻለ ወጥመድ ነው። በውጭ አገር የተሠሩት የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ዓመት 12 ወር ብቻ ያለው ይመስላቸዋል። ጳጉሜን 3 ቀን የተወለደ ልጅ ሲመጣባቸው 13ኛ ወር የሚባል ነገር የለም ብለው ይመልሱታል። የተቸኰለው ጸሐፊ ወይ ወደ ነሐሴ ያስጠጋዋል፣ ወይ ወደ መስከረም ያሻግረዋል፣ ወይም ባዶ ይተወዋል። ወደ መስከረም የተሻገረው ልጅ በአንዲት ሌሊት የዓመተ ምሕረት ለውጥ ያገኛል። ይህስ ይሁን፤ ትልቁ ጣጣ በኛና በኤውሮፓውያን አቈጣጠር መካከል ያለው ነው። በ1992፣ በ1997፣ በ2003ና በ2008 ዓ. ም. የተደረጉት ታላላቅ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናቶች ቀኑን የመዘገቡት ባገራችን አቈጣጠር ነው። ከሌሎች አገሮች ጋር ለማመዛዘን የፈለገ ሰው 92 ወር፣ ማለት 7 ዓመት ከ8 ወር መጨመር አለበት። አንዱን ቀን ጨምሮ ሌላውን የረሳ ተመራማሪ የ3 ዓመቱን ሕፃን ከ10 ዓመት በላይ ያደርገዋል፤ ሕፃኑም ከአምስት ዓመት በታች ስላሉት ልጆች ከሚናገረው ሠንጠረዥ ላይ ሹልክ ብሎ ይወጣል። ክትባት አገኘ ወይስ አላገኘም የሚለው መልሱም አብሮት ይሄዳል። (ሰዓቱን አናነሣውም፤ ከጧቱ ሁለት ሰዓት ሥራ ጀመርሁ ያለ ሠራተኛ ሌሊቱን ሲሠራ እንዳደረ ሆኖ ተመዝግቦ አይተናል።)

ስም ማመሳከርም እንዲሁ ነው። አንድን ቤተ ሰብ ለብዙ ዓመት የሚከታተል ጥናት ትልቅ ጥቅም አለው። ለምሳሌ በ15 የገጠር ቀበሌዎች ውስጥ 1,500 ያህል ቤተ ሰቦችን ከ1986 እስከ 2001 ዓ. ም. እየተመላለሰ የጠየቀው የገጠር ቤተ ሰብ ጥናት ለብዙ ተመራማሪዎች ምንጭ ሆኗል። ይህ ዓይነቱ ጥናት የሚቆመው ግን ያምናው ሰው ከዘንድሮው ሰው ጋር አንድ መሆኑ ሲታወቅ ነው። እኛ ሥጋና ደም ያለን ሰዎች ፀሐይና ጸሀይ፣ ኃይሉና ሀይሉ አንድ መሆናቸውን እናውቃለን፤ ኮምፒዩተር ግን ፊደሉ ሲለወጥ ሰውየው የተለወጠ ይመስለዋል። ከዚህ የሚከፋም አለ። በመጀመሪያው ጥናት ላይ «ሚጡ» ተብላ የተመዘገበች ሕፃን፣ በሁለተኛው ጊዜ ትምህርት ቤት ገብታ በደንበኛ ስሟ ትመዘገባለች። ያላስተዋለ ሰው እጅ ላይ ከወደቀች ሚጡ የለችም፣ ሞታለች ይባላል፤ በምትኳም ከየት እንደ መጣች የማትታወቅ የስድስት ዓመት ልጅ ቤት ውስጥ ትገኛለች። እናትየዋ ይህን ብትሰማ ምን ትል ይሆን?

ስለ ባዶ ቦታ ትንሽ ብንቈይ አንባቢ አይሰለችም ብለን ተስፋ እናደርጋለን፤ ብዙ ጥፋት የሚደርሰው በዚያ ነውና። በመጠይቅ ላይ መልስ የሌለበት ሣጥን አንድ ዓይነት አይደለም። ሰውየው አላውቅም ብሎ ይሆናል፤ አልነግርህም ብሎ ይሆናል፤ ጥያቄው እርሱን ስለማይመለከተው አልተጠየቀ ይሆናል፤ ጠያቂው ረስቶት ይሆናል፤ ወይም መልሱ «ምንም የለኝም» ሆኖ ጠያቂው ዜሮ መጻፍ ሰልችቶት ይሆናል። አምስቱም በሠንጠረዡ ላይ ባዶ ይመስላሉ። አንዳንድ መሥሪያ ቤት ለ«አላውቅም» 99 የሚል ቍጥር ይሰጣል። እንግዲህ አሥር ገበሬዎች ስንት ፍየል እንዳላቸው ተጠየቁ እንበል። ዘጠኙ ሦስት ሦስት አለን አሉ፤ አሥረኛው አላውቅም አለ፤ 99 ተጻፈለት። ይህ ምልክት መሆኑን የዘነጋ ሰው አማካዩን ሲያሰላ ለያንዳንዱ ገበሬ 12 ፍየል ከግማሽ በላይ ይደርሰዋል። ባዶውን ዜሮ ያደረገው ደግሞ 2.7 ያገኛል። እውነተኛው መልስ፣ ከዘጠኙ ለያንዳንዳቸው ሦስት ነው፤ የአሥረኛው አይታወቅም የሚል ነው። አይታወቅም ብሎ መጻፍ ለምን እንደሚያሳፍር አይገባንም። በፍርድ ቤት ቢሆን አላየሁም ያለውን ምስክር አይቷል ብሎ የሚጽፍ ጸሐፊ ይቀጣ ነበር።

የመለኪያው ጕዳይም ከዚህ አይርቅም። ጥማድ ማለት አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው መሬት ነው፤ በግምት ሩብ ሄክታር ይባላል። ሆኖም በሬው የከሳ፣ መሬቱ ዳገትና ድንጋያማ እንደ ሆነ ጥማዱ ያንሳል። ቁናውም ካንዱ ገበያ ወደ ሌላው ገበያ ይለያያል። በ2004 ዓ. ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ጥናት በዚህ በኩል ጥሩ ምሳሌ ሰጥቷል፤ ገበሬው በራሱ መለኪያ የተናገረውን ይመዘግባል፤ ማሳውን ደግሞ ከሳተላይት ምልክት በሚቀበል መሣሪያ ለክቶ ለብቻ ይመዘግባል። ሁለቱም ስለ ተቀመጡ ልዩነታቸውን ማየት ይቻላል። ወደ ሄክታር ለውጦ ጥማዱን የጣለ ሰው ግን የለወጠበት ሒሳብ ስሕተት ሆኖ ቢገኝ የሚመለስበት መንገድ የለውም።

ወደ ሌላው ነገር እንለፍ። በየመጠይቁ መጨረሻ «ሌላ (ይገለጽ)» የምትል አንዲት መስመር አለች። እኛ ከመጠይቁ ሁሉ አስቀድመን የምናነበው እርሷን ነው። አዋቂዎቹ በከተማ ተቀምጠው ያሰቧቸው መልሶች አልበቃ ሲሉ ሕዝቡ በራሱ ቃል የሚናገረው እዚያ ነው። ልጅቱ ትምህርት ለምን አቋረጠች ሲባል፣ አንዱ «ታላቅ እኅቷ ስላገባች እናቷን የሚያግዝ ጠፍቶ» ይላል፤ ሌላው «ወንዙ ሲሞላ አያሻግርም» ይላል፤ ሌላዋ ደግሞ «በትምህርት ቤቱ ውሃ ስለሌለ አፍራ ቀረች» ትላለች። ሰነፍ አራሚ ሦስቱንም «የኑሮ ችግር» በሚል አንድ ቍጥር ይጠቀልላቸዋል። እነዚህ ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንዱ ድልድይ፣ አንዱ የውሃ ቧንቧ፣ አንዱ ደግሞ በቤት ውስጥ የሥራ ክፍያን የሚጠይቅ ነው። ከዚያም በላይ መልሱ በኦሮምኛ ወይም በሲዳምኛ ወይም በሶማልኛ ተነግሮ፣ ጠያቂው በቆመበት ወደ አማርኛ መልሶት፣ በመጨረሻ በእንግሊዝኛ ቍጥር ተሰጥቶት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሁለት ሰዎች ሳይመካከሩ ለየብቻቸው ቍጥር ይስጡና ይነጻጸር፤ ምን ያህል እንደ ተስማሙ መለኪያው ጃኮብ ኮሄን እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1960 ዓ. ም. ካወጣው ጀምሮ የታወቀ ነው። ሁለቱ ካልተስማሙ ጥፋቱ የሰዎቹ ሳይሆን የክፍሎቹ አወጣጥ ሊሆን ይችላል።

አንዳንድ ወዳጆቻችን «ይህ የወረቀት ዘመን ጣጣ ነው፤ ዛሬ ታብሌቱ ስሕተቱን እዚያው ቤቱ ደጃፍ ላይ ይይዘዋል» ይሉናል። ግማሹ እውነት ነው። የ34ቷ ሴት ነገር በታብሌት ቢሆን ኖሮ ጠያቂው እዚያው ይጠይቃት ነበር። ዳሩ ግን ጠያቂም ሰው ነው፤ ይደክመዋል፤ መሣሪያው የቱን መልስ ሲያገኝ ዝም እንደሚል ፈጥኖ ይማራል። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ሲመዘገብ ስለ ክትባቱ፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ሕመሙ ረዥም ጥያቄ ይከተላል። በብዙ አገሮች፣ ባገራችንም ጭምር፣ በዚያ ወሰን ላይ ያሉ ልጆች ዕድሜያቸው ከፍ ተደርጎ ከወሰኑ ውጭ ሲከማቹ ታይቷል። ታብሌት ይህን አይከለክልም። ኮምፒዩተርም ብቻውን ጠባቂ አይደለም። በእንግሊዝ አገር እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ2020 ዓ. ም. በኮሮና የተያዙ 15,841 ሰዎች ከዕለቱ መዝገብ ሳይቈጠሩ ቀርተው ነበር፤ ምክንያቱም መረጃው የተቀመጠበት የድሮ ዓይነት የኤክሴል ፋይል ከ65 ሺሕ ጥቂት ከፍ ካለ መስመር በላይ ስለማይዝ የተረፈው ተቈርጦ በመውደቁ ነው። ከነዚያ ሰዎች ጋር የተገናኙትን ሰዎች ፈልጎ ማስጠንቀቅም በዚያው ልክ ዘገየ። መሣሪያው ምንም አላጕረመረመም።

ሌላም አለ፤ ይህን ስንጽፍ ጥቂት ሰዎች እንደሚቀየሙን እናውቃለን። ለመመረቂያ ጽሑፍ ወይም ለአማካሪ ድርጅት የሚሠሩ አንዳንድ ተመራማሪዎች «ከመስመር የወጣ ነው» እያሉ የማይመቻቸውን ቤተ ሰብ ከመዝገቡ ያወጣሉ። ከጐረቤቶቹ አሥር እጥፍ ያገኘ ገበሬ ሲመጣ ስሕተት ነው ብሎ መሰረዝ ይቀላል። ምናልባት ስሕተት ነው፤ አንድ ዜሮ ተጨምሮ ይሆናል። ምናልባት ደግሞ ሰውየው የውሃ መሳቢያ ሞተር ገዝቶ በዓመት ሦስት ጊዜ ሽንኵርት የሚያመርት ይሆናል፤ ያ ከሆነ ከቀበሌው ሁሉ ሊጠና የሚገባው እርሱ ነበር። ወረቀቱን ሳያዩ፣ ጠያቂውን ሳይጠይቁ፣ ከተቻለም ስልክ ሳይደውሉ መሰረዝ መረጃ ማጥራት ሳይሆን መረጃ መምረጥ ነው።

እኛ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። የመጀመሪያው መልስ እንደ መጣ ይቀመጥ፤ ማንም እንዳይነካው ይቈለፍ። እርማቱ በቅጂው ላይ ይሁን፤ የትኛው መልስ ከምን ወደ ምን እንደ ተለወጠ፣ ማን እንደ ለወጠው፣ ለምን እንደ ለወጠው ይጻፍ። በእጅ እየነካኩ ከማረም ይልቅ ትእዛዙን በፕሮግራም ጽፎ ማሠራት ይሻላል፤ ሌላ ሰው ደግሞ ሠርቶ ሊያየው ይችላልና። በያንዳንዱ የጥናት መግለጫ ላይ ስንት ቤተ ሰብ እንደ ተጠየቀ እንደሚጻፍ ሁሉ፣ ስንት መልስ እንደ ታረመም ይጻፍ። አራሚዎቹም በዕለት ክፍያ ተቀጥረው በወሩ መጨረሻ የሚበተኑ ሳይሆኑ፣ ከጠያቂዎቹ ጋር አንድ ሁለት ቀን ገጠር ወርደው ያዩ ሰዎች ይሁኑ። በዕቅድና በበጀት ላይ ለመሰብሰብ ሦስት ወር፣ ለማጥራት ሁለት ሳምንት እየተባለ የሚመደበው አመዳደብም ይታሰብበት።

ይህ ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃል የሚል አይጠፋም። ይጠይቃል። ነገር ግን ክሊኒክ የት እንደሚሠራ፣ ማዳበሪያ ለማን እንደሚደርስ፣ መምህር ወደየትኛው ወረዳ እንደሚላክ የሚወሰነው በነዚሁ ቍጥሮች ነው። ሦስተኛው የሕዝብ ቈጠራ በ1999 ዓ. ም. ተደርጎ ከ73 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ከተቈጠረ ወዲህ፣ አራተኛው ከአንድ ጊዜ በላይ ተላልፏል። ቈጠራ በራቀ ቍጥር የናሙና ጥናቶች የሚሸከሙት ሸክም ይከብዳል፤ በናሙና ላይ ደግሞ አንድ ቤተ ሰብ የሚናገረው ለራሱ ብቻ ሳይሆን ላልተጠየቁ ለብዙ መቶና ለብዙ ሺሕ ቤተ ሰቦች ጭምር ነው። የአንዲት ሴት ዕድሜ ሲለወጥ የስንት ሴቶች ዕድሜ እንደ ተለወጠ ማስላት አያዳግትም።

ስለዚያች ሴት የጀመርነውን እንጨርስ። 44ቱ ወደ 34 ተመለሰ፤ ለሦስተኛው ዙር በተዘጋጀውም መጠይቅ ላይ «ልጅ» ከሚለው ቃል አጠገብ «የወለዱት» እና «ያሳደጉት» የሚሉ ሁለት ትናንሽ ሣጥኖች ተጨመሩ። ወረቀቱ ተመልሶ ሲመጣ ከሁሉ አስቀድመን የፈለግነው የእርሷን ቤት ነበር። ሣጥኖቹ ባዶ ነበሩ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ጠያቂው በእርሳስ «ቤቷን ዘግታ ከተማ ገብታለች፤ ልጅዋ ወልዳ ልታርሳት ነው» ሲል ጽፎ ነበር።